የአሜሪካዊው ቤት

ከካሰል በስተደቡብ፣ ደን ከከበባት መንደር፣
የደብሩ ማሞቂያ በሞተበት ቀን፣ በኅዳር፣
ሎሬታ ናፕስተን መጣች፣ ካፖርቷን እንደ ደረበች፤
ከመዝገቡ ክፍል ገብታ የዘሯን ሐረግ ዘረጋች።

አባቷን፣ አያቷን፣ ቅድመ አያቷን ቆጠረች፤
ከዚያ በላይ ስትወጣ ምላሷ ታሰረ፣ ቆመች።
"በእኔ ቋንቋ" አልኳት፣ "ለእነሱም ስም አላቸው፤
ቅማት፣ ሽማት፣ ምንጅላት፣ እንጅላት እንላቸዋለን።"
"በእኛ" አለች፣ "'ታላቅ፣ ታላቅ፣ ታላቅ' ነው የምንላቸው፤
ታላቅነታቸውን ግን በዓይኑ ማን አየላቸው?"

የምትፈልገው ሄንሪን ነው፣ የቤቱን ምሰሶ፣
ለነጻነት የተዋጋውን፣ በረዶውን ጥሶ፤
ይህ ነው በየገናው ማዕድ የሚነገረው።
ለምስክር የቀረው
አንድ የቆርቆሮ ቁልፍ ነው፣ ከኮቱ የተበጠሰ፣
በአምስት ሴቶች መሀረብ ተቋጥሮ እሷ ዘንድ የደረሰ።
የአርበኞች ልጆች ማኅበር ግን በቁልፍ አያምንም፤
ወረቀት አምጪ ብሏታል፤ ያለ ወረቀት ጀግና የለም።

መዝገቡን ገለጥኩላት። ቀለሙ የሻይ ዝቃጭ መስሏል፤
የቄሱ እጅ ጽሑፍ እንደ ሐረግ ተጠላልፏል።
በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩላት፦
"ሃይንሪኽ ክናፕሽታይን፣ የሸማኔ ልጅ፣
በሺህ ሰባት መቶ ሰባ ስድስት፣ በየካቲት፣
ከክፍለ ጦሩ ጋር ወደ አሜሪካ ወጣ።
ሚስቱ አና ጌርትሩድ። ልጁ አባቱ በሌለበት ተጠመቀ።"

"ከየትኛው ወገን ሆኖ?" አለች።
ምን ልበላት?
መስፍኑ ጎረምሶቹን ለእንግሊዝ ንጉሥ አከራይቷል፤
በአንድ ራስ ሠላሳ፣ ሠላሳ ብር ተቀብሏል።
ሠላሳ ስላት ቁጥሩን ከሌላ መጽሐፍ አወቀችው፤
መነጽሯን አውልቃ ጠረገችው።

ገጹን ስገልጥ ደግሞ የባሰው፦
"በሰማንያ አራት፣ ክናፕሽታይን በባሕር ማዶ እንደ ሞተ ተሰምቷል።
መበለቲቱ ለወፍጮ ጠባቂው ተድራለች።"

"ሞተ? በዚያ ዓመትማ ላንካስተር ነበር፤ ስሙን አሳጥሮ፣
ከሌላ ሴት መንታ ወልዶ፣ እርሻ ገዝቶ፣ ድንበር አጥሮ!"

ከዳ እና ካደ፤ በቋንቋዬ የሚለያቸው የድምፅ ቅንጣት ነው፤
አንድ ሰው ሁለቱንም ሲያደርግ ግን ስሙ ምንድን ነው?

ቆይ ግን፤ የዚያ መስመር ቀለም ከሌላው ይለያል፤
ቄሱ "ሞተ" ሲል እጁ የተንቀጠቀጠ ይመስላል።
የቀብር ቀን የለው፣ ምስክር የለው፣ የመርከብ ስም የለው፤
አንዲት ሴት እንድታገባ አንድ ሰው መሞት ነበረበት፤ ገደለው።

በዚህ መሃል ቧንቧ ሠራተኛው ገባ፣ ሣጥኑን አንጠልጥሎ፣
ማሞቂያውን ሊያይ፤ ደረቱ ላይ ስሙ ተጠልፎ፦
ክናፕሽታይን።
ሎሬታ ጆሮውን አየች፣ አውራ ጣቱን አየች።
ነገሩን አስረዳሁት።
"የውርስ ጉዳይ ነው?" አለ፣ አንድ እግሩን ወደ በሩ መልሶ።
"አይደለም።"
"እንግዲያው ደህና።" እጁን በሱሪው ጠርጎ ጨበጣት።
"ቤታችንን መንደሩ 'የአሜሪካዊው ቤት' ነው የሚለው፤
ለምን እንደሆነ አያቴም አያውቀው፤
ከእኛ ዘር አሜሪካን ያየ አንድም ሰው የለም።"

እንግዲህ ሁሉም ያውቁ ነበር! ሰውየው በሕይወት እንደ ነበረ፣
ወሬው ውቅያኖስ ተሻግሮ ከወፍጮው ደጅ እንደ ደረሰ፣
ያላወቀው መዝገቡ ብቻ ነበረ።

የአና ጌርትሩድን መቃብር ጠየቀች።
"እዚህ መቃብር በኪራይ ነው" አለ ሰውየው፣
"ሠላሳ ዓመት ሲሞላ ለሌላ ይሰጣል፤
እሷ ላይ እስከ ዛሬ ስምንት ሰው ሳይተኛ አይቀርም።"

ቁልፉን ከመሀረቡ ፈታች፤ አገላብጣ አየችውና
መልሳ ቋጠረችው።
ለማኅበሩ ምን እንደምትጽፍ አልጠየቅኳትም።

ሰውየው ወደ ምድር ቤት ወረደ። ጥቂት ቆይቶ
ቧንቧው በግድግዳው ውስጥ ኳ፣ ኳ፣ ኳ አለ።
ውኃ ነው፣ ሙቀት ነው፣ እናውቃለን፤
ግን ሁለታችንም ቀና ብለን በሩን አየን።